የውኃ ተንና የእሳተ ገሞራ ምልክት፤ ራዳር በበረሃ ላይ ስለሚያሳየው ስሕተት

ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ሆነን ከሳተላይት የተነሡ የራዳር ምስሎችን እያመዛዘንን ሳለ፣ በአፋር በረሃ ከሚገኙት ተራሮች በአንዱ ላይ ሁለት የቀለም ቀለበቶች ተሥለው አየን። ቀለበቶቹ የተራራውን ጫፍ መካከል አድርገው እንደ ሰፌድ ስፌት አንዱ ሌላውን የከበበ ነበሩ። በተማርነው መሠረት እያንዳንዱ ቀለበት 2.8 ሳንቲ ሜትር ያህል የመሬት መነሣትን ወይም መስመጥን ስለሚያመለክት፣ ተራራው ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ አብጧል፤ ከሥሩም ማግማ፣ ማለት ቀልጦ ያለ ዓለት፣ እየገባ ነው ብለን ደመደምን። ለጥናታችን ርእስ እስከ መስጠት ደርሰን ነበር።

ወደ መምህራችን ሄደን ብናሳያቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁን ስለ ተራራው አልነበረም። «ሁለተኛው ምስል የተነሣው በየትኛው ወር ነው?» አሉን። «በነሐሴ» አልናቸው። «የመጀመሪያውስ?» «በሰኔ መጀመሪያ።» «እንግዲያው ያያችሁት ክረምቱን እንጂ ተራራውን እንዳይሆን» አሉና ሦስተኛ ምስል ፈልገን እንድንመለስ አዘዙን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ትእዛዝ የመነጨ ነው። ነገሩ የሁለት ተማሪዎች ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ መጽሔት ባልበቃ ነበር። ዳሩ ግን የተራራ ማበጥ ወሬ ከተማ ለተቀመጠ ሰው ወሬ ነው፤ በተራራው ሥር ውኃና ግጦሽ ላለው አርብቶ አደር ግን ልጆቹንና ከብቶቹን ይዞ ከጉድጓዱ ይራቅ ወይስ ይቀመጥ የሚል ጥያቄ ነው። አንድ ጊዜ ያለ ምክንያት ሂድ ተብሎ ግመሎቹ በጥም ያለቁበት ሰው፣ በሁለተኛው ጊዜ እውነቱ ቢነገረው አይሰማም። ስለዚህ አየሩ ያመጣውን ምልክት መሬቱ ካመጣው መለየት ከመማሪያ ክፍል ውጭም ዋጋ አለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ. ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ራዳር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዝናብን የሚያሳየውን የአየር ጠባይ ራዳር ነው። ያ መሣሪያ በመሬት ላይ ተተክሎ የራዲዮ ሞገድ ወደ ሰማይ ይልካል፤ ከዝናብ ጠብታ፣ ከበረዶ፣ አንዳንድ ጊዜም ከእሳተ ገሞራ ዐመድ ተመልሶ የሚመጣውን ማስተጋባት ይለካል። እርሱም ይሳሳታል። በ2019 ሐምሌ በአሜሪካ በረሃ በላስ ቬጋስ ከተማ ላይ ራዳሩ ዝናብ የሚመስል ምልክት አሳይቶ፣ ነገሩ ሲጣራ የፌንጣ መንጋ ሆኖ ተገኝቷል። እኔ የምናገረው ግን ስለ ሌላኛው ራዳር ነው። ይህ ወደ 700 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ በምትዞር ሳተላይት ላይ ተጭኖ ወደ ታች፣ ወደ መሬት፣ የሚያይ ነው። የሚፈልገው ደመናን ሳይሆን መሬትን ነው። ሞገዱ ደመናን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ሌሊትም ሆነ በደመና ጊዜ ይሠራል፤ ስለዚህም «አየር አያግደውም» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አየር ባያግደውም ያዘገየዋል። የስሕተቱ ሁሉ ምንጭ ይህ መዘግየት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሳተላይቷ የምትልከው ሞገድ ርዝመቱ የታወቀ ነው፤ ለምሳሌ በ2014 በመጠቀችው በሰንቲኔል 1 ላይ ያለው 5.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሞገዱ መሬት ደርሶ ሲመለስ በከፍታው ላይ ነው ወይስ በዝቅታው ላይ የሚለው ይመዘገባል። ከ12 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጊዜ በኋላ ሳተላይቷ በዚያው መንገድ ስትመለስ እንደ ገና ይመዘገባል። መሬቱ በመካከሉ ካልተንቀሳቀሰ ሁለቱ መዝገቦች ይስማማሉ። ከተነሣ ወይም ከሰመጠ ግን ሞገዱ የሄደበት መንገድ አጥሯል ወይም ረዝሟልና ሁለቱ አይገጥሙም። የሁለቱ ልዩነት በቀለም ሲሣል ኢንተርፌሮግራም የሚባለው ካርታ ይሆናል። ሞገዱ ሄዶ ተመላሽ ስለሆነ፣ መሬቱ የሞገዱን ግማሽ ያህል፣ ማለት 2.8 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በተንቀሳቀሰ ቍጥር አንድ ሙሉ የቀለም ቀለበት ይታያል። ከ700 ኪሎ ሜትር ርቀት የጣት ስፋት የማይሞላ ነገር መለካት ማለት ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ አላመንሁም ነበር።

አሁን ልብ እንበል። መሣሪያው የሚለካው ርቀትን ሳይሆን ጊዜን ነው፤ ሞገዱ ለመመላለስ የፈጀውን ጊዜ። ጊዜውን ወደ ርቀት የምንለውጠው እኛ ነን፤ በምንለውጥበትም ጊዜ ሞገዱ በሁለቱም ቀን በአንድ ዓይነት ፍጥነት ተጉዟል ብለን እንገምታለን። ይህ ግምት ነው የሚያሳስተን። አየር፣ ይልቁንም የውኃ ተን ያለበት አየር፣ የራዲዮን ሞገድ ያዘገየዋል፤ በልዩ ልዩ ንብርብር ሲቀመጥም ያጎብጠዋል። የዚህ የመጉበጥ ነገር እጅግ የሚደንቅ ምሳሌ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታይቷል። በህንድ አገር በቦምቤይ የነበረ አንድ ራዳር ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘውን የዐረብ ጠረፍ ያሳይ ነበር። ሞገዱ ከባሕሩ በላይ በተኛው ሞቃትና ደረቅ አየር ሥር ተይዞ፣ በቦይ ውስጥ እንደሚሄድ ውኃ የምድርን ክብነት ተከትሎ ሄዶ ተመልሷል ማለት ነው።

ከሳተላይት ወደ ታች የሚወርደው ሞገድ ግን ወደ መሬት የሚመጣው ቀና ብሎ ስለሆነ መጉበጡ ብዙ አያሳስብም፤ መዘግየቱ ነው ቁም ነገሩ። መጠኑን በቍጥር እንየው። ከአንድ ቦታ በላይ በአየር ውስጥ ያለው የውኃ ተን ሁሉ ቢጨመቅና በመሬት ላይ ቢተኛ የሚሆነውን ውፍረት በሚሊ ሜትር መለካት የተለመደ ነው። ይህ ውፍረት በ1 ሚሊ ሜትር ሲጨምር ሞገዱ የሚዘገየው መንገዱ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የረዘመ ያህል ነው። ሳተላይቷ መሬትን የምታየው በአግድመት ስለሆነ ደግሞ መዘግየቱ ጥቂት ይጨምራል። እንግዲህ በሁለቱ የማንሻ ቀኖች መካከል የ4 ሚሊ ሜትር የተን ልዩነት ብቻ ቢኖር አንድ ሙሉ የቀለም ቀለበት ይወጣል። የ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት ቢኖር ሁለት ቀለበት፤ ማለት እኔና ጓደኛዬ ርእስ የሰጠነው ነገር በሙሉ። በ1997 ዜብከር፣ ሮዘንና ሄንስሊ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት የአየር እርጥበት በመቶ 20 ያህል ቢለዋወጥ በመሬት እንቅስቃሴ ልኬት ላይ 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ስሕተት ሊያመጣ እንደሚችል ጽፈዋል።

እዚህ ላይ አንባቢው «በረሃ ደረቅ ነው፤ የምን ተን?» ሊል ይችላል። እኛም ብለን ነበር። ነገር ግን ሰማይ ጥርት አለ ማለት አየሩ ተን የለበትም ማለት አይደለም፤ ተን አይታይምና። የሚታየው ደመና ተኑ ወደ ጠብታ ከተለወጠ በኋላ ያለው ነው። ከዚህም በላይ ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ይልቅ ብዙ ተን ይሸከማል። በ15 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው ተን ቢበዛ 13 ግራም ያህል ነው፤ በ40 ዲግሪ ግን 51 ግራም ያህል ይይዛል። ስለዚህ የበረሃው አየር በ40 ዲግሪ ሙቀት እርጥበቱ በመቶ 30 ብቻ ቢሆን እንኳ 15 ግራም ተን ተሸክሟል፤ ይህም በአዲስ አበባ በክረምት ጧት መንገድ ከሚጋርደው ጭጋግ ይበልጣል። የአዲስ አበባውን ሰው ያረጠበው ጭጋግ ነው፤ የበረሃውን መንገደኛ ግን ያው ተን በላዩ ላይ እያለ ከንፈሩ ይሰነጠቃል።

የአፋር ምድር ደግሞ በተለይ ለዚህ የተመቸ ነው። የዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ በላዩ ያለው አየር የዚያኑ ያህል ወፍራም ነው። ቀይ ባሕር ቅርብ ነው፤ ነፋስ ከባሕሩ በነፈሰ ቀን እርጥብ፣ ከምድረ በዳው በነፈሰ ቀን ደረቅ አየር ይመጣል። በስተ ምዕራብ የደጋው ገደል ቆሞ አየሩን ያግደዋል። አፋሮች ራሳቸው የዝናቡን ወራት ለይተው ያውቃሉ፤ ዋናውን የክረምት ዝናብ ካርማ፣ የበልጉን ሱጉም፣ በክረምቱና በበልጉ መካከል በብርዱ ወራት የሚጥለውን ጥቂት ዝናብ ዳዳ ይሉታል። ሦስት የዝናብ ስም ያለው አገር ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አየር አለው ማለት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ተኑ በአገሩ ሁሉ ላይ እኩል ቢተኛ ኖሮ ጉዳት ባልነበረው፤ ካርታው በሙሉ በአንድ ቀለም በተለወጠ ነበር። ችግሩ ያለው ከፍታ ላይ ነው። አብዛኛው ተን የሚገኘው በታችኛው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። በሜዳው ላይ ያለ ነጥብ ይህን ሁሉ ተን በላዩ ይሸከማል፤ ከሜዳው 1,000 ሜትር ከፍ ያለ የተራራ ጫፍ ግን ብዙውን ከበታቹ ትቶታል። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን አየሩ ደረቅ፣ በሁለተኛው ቀን እርጥብ ቢሆን ሜዳው ከሳተላይቷ የራቀ፣ ማለት የሰመጠ ይመስላል፤ ጫፉ ግን ብዙም አይለወጥም። እኛ ደግሞ ሜዳውን እንደ ጽኑ መሬት ቈጥረን ከእርሱ አንጻር ስለምንለካ ተራራው የተነሣ ይመስለናል። ቀለሙም የከፍታን መስመር ተከትሎ ተራራውን ይከበዋል።

ከመሬት ውስጥ ማግማ ሲገባስ ምን ይታያል? የጃፓኑ ሊቅ ኪዮ ሞጊ በ1958 ባወጣው ጥናት፣ ከመሬት በታች ያለ ክብ የማግማ ቋት ሲነፋ የላዩ መሬት በመካከሉ አብልጦ፣ ከመካከሉ በራቀ መጠን እያነሰ እንደሚነሣ አሳይቷል። በኢንተርፌሮግራም ላይ ሲሣል ይህ ምንድን ነው? አንዱ ሌላውን የከበበ የቀለም ቀለበት። እሳተ ገሞራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ክብ ተራራ ነው። እንግዲህ ክብ ተራራ ላይ የተኛ ተንና ከክብ ተራራ ሥር የገባ ማግማ በካርታ ላይ አንድ ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። በሜዳ ላይ እንኳ አንድ የነጐድጓድ ደመና ለብቻው ቢቆም 10 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ምልክት ሊያደርግ ይችላል፤ ይህም የማግማ ቋት ከሚያደርገው ብዙ አይለይም።

ነገሩ በራዳር ጥናት መባቻ ላይ ታውቋል፤ የታወቀውም በበረሃ ነው። ሰኔ 28 ቀን 1992 በካሊፎርኒያ በሞሃቬ በረሃ በላንደርስ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የፈረንሣዩ ዲዲዬ ማሶኔና ባልደረቦቹ በዚህ ሥፍራ ላይ የመሬትን መንቀጥቀጥ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በራዳር ኢንተርፌሮግራም አሳዩ። የተመረጠው ቦታ በረሃ መሆኑ በጀው፤ ዛፍና ሣር በሌለበት የመሬቱ ፊት ከወር ወር ስለማይለወጥ ምስሎቹ ይስማማሉና። ሆኖም በ1995 ሪቻርድ ጎልድስታይን በዚያው በሞሃቬ ላይ በ1994 ከጠፈር መንኮራኩር የተነሡ ምስሎችን መርምሮ፣ መሬቱ ምንም ሳይነቃነቅ በአየር መናወጥ ብቻ ምልክት እንደሚወጣ ጻፈ። ምልክቱ በሚሊ ሜትር የሚቈጠር ትንሽ ነገር ነበር። ነገር ግን በእውነተኛ ደረቅ በረሃ ላይ ይህን ያህል ከታየ፣ እርጥበት ባለበት አገር ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

ይህን የሚያሳየው ታሪክ የኤትና ተራራ ታሪክ ነው። ኤትና በረሃ ውስጥ ያለ አይደለም፤ በሲሲሊ ደሴት ከባሕር አጠገብ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ ነው፤ ነገር ግን የትምህርቱ ዋና ምሳሌ ስለሆነ ልተወው አልችልም። በ1991 የጀመረው ፍንዳታ በ1993 ሲያበቃ ማሶኔ፣ ፒዬር ብሪዮልና አርኖ ከኢ. አር. ኤስ. 1 ሳተላይት ምስሎች ተነሥተው ተራራው ማግማውን ካፈሰሰ በኋላ እንደ ሰመጠ በ1995 አሳተሙ። ራዳር ከሰማይ ሆኖ የእሳተ ገሞራን ትንፋሽ ለካ ተብሎ ብዙ ተደነቀ። በ1998 ደላኩርና ብሪዮል ከአሻሽ ጋር ሆነው የአየሩን ሥራ ሲያሰሉ ከቀለበቶቹ ከፊሉ የአየር ሆኖ ተገኘ። በ2000 ደግሞ ቦዱሴል፣ ብሪዮልና ፍሮዤ ከ200 በላይ ኢንተርፌሮግራሞችን አንድ ላይ መርምረው፣ አየሩ ብቻውን በኤትና ላይ እስከ 3 ቀለበት የሚደርስ ምልክት ሊያደርግ እንደሚችል አሳዩ፤ ተራራውን በሙሉ የሚከቡት ቀለበቶች አብዛኛዎቹ በዚህ የሚተረጐሙ ሆኑ። አንባቢ ስሞቹን አስተውሎ ከሆነ፣ ብሪዮል የተባለው ሰው በሦስቱም ጥናቶች ውስጥ አለበት። የመጀመሪያውን የጻፈው እርሱ፣ ያረመውም እርሱ ነው። ይህን በማንበቤ የእኛ ስሕተት ትንሽ ቀለለልኝ።

ወደ መምህራችን ትእዛዝ ልመለስ። ሦስተኛ ምስል ለምን አስፈለገ? ምስሎቹን ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው፤ ሀ በሰኔ፣ ለ በነሐሴ፣ ሐ በኅዳር የተነሡ ናቸው። ማግማ ገብቶ ተራራው በእውነት ተነሥቶ ከሆነ፣ ሀ ከለ ጋር ሲመዛዘን የታየው ሁለት ቀለበት፣ ሀ ከሐ ጋር ሲመዛዘንም መታየት አለበት፤ የተነሣ መሬት በሦስት ወር ውስጥ ወደ ነበረበት በልክ ተመልሶ አይተኛምና። ስሕተቱ በለ ቀን የነበረው አየር ከሆነ ግን፣ ሀና ለ ሁለት ቀለበት መነሣት፣ ለና ሐ ሁለት ቀለበት መስመጥ፣ ሀና ሐ ደግሞ ባዶ ያሳያሉ። ገበያ ላይ እህል ሲመዘን ሁለት ሰዎች ቢከራከሩ ሦስተኛ ሚዛን አምጥቶ ማየት እንደ ማለት ነው። እኛ ያገኘነው ይኸኛውን ነበር፤ ቀለበቱ ለ ባለበት ሁሉ ወጣ፤ ለ በሌለበት ጠፋ። ተራራው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ጓደኛዬ ሁለት ቀን አላናገረኝም፤ ርእሱን የመረጥሁት እኔ ነበርሁና።

ይህ ፈተና ቀላልና የታመነ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ሀና ሐ ሁለቱም በደረቅ ወር ስለ ተነሡ ነው የተስማሙት። ምስሎቹ ሁሉ መጀመሪያ በበጋ፣ በኋላ በክረምት የተነሡ ቢሆኑ ኖሮ ብዙ ምስል እያለን እንኳ ተራራው ቀስ በቀስ ያበጠ ይመስለን ነበር። ብዙ ምስሎችን ደምሮ አማካይ ማውጣት የአየሩን ስሕተት ያሳንሰዋል፤ ስሕተቱ በምስሎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ይቀንሳልና 25 ያልተዛመዱ ልኬቶች ወደ አንድ አምስተኛ ያወርዱታል። ይህ ግን የሚሠራው አየሩ ያለ ሥርዓት ሲለዋወጥ ነው። ወቅት ሥርዓት አለው፤ ስለዚህ ከየወቅቱ እኩል መውሰድ ያስፈልጋል።

ሌላው ዘዴ ቀለሙን ከከፍታ ጋር በአንድ ገበታ ላይ ማስቀመጥ ነው። ምልክቱ ከፍታን እየተከተለ በቀጥታ መስመር የሚሄድ ከሆነ፣ በአካባቢው ያሉ እሳተ ገሞራ ያልሆኑ ተራሮችም ተመሳሳይ ቀለበት ካላቸው፣ ነገሩ አየር ነው። እኛ ይህን በመጀመሪያው ቀን ማድረግ እንችል ነበር። ወደ ጎን ያለውን የኖራ ድንጋይ ተራራ ብናይ ኖሮ እርሱም «አብጦ» እናገኘው ነበር፤ የኖራ ድንጋይ ተራራ ከሥሩ ማግማ ይገባበታል ብሎ የሚከራከር ደግሞ የለም። ዓይናችን ግን ከፈለግነው ተራራ አልተነሣም።

ከዚህ የሚሻል ቢኖር ተኑን በቀጥታ መለካት ነው። ኤንቪሳት የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት ከ2002 እስከ 2012 ስትሠራ ራዳርና ተን የሚለካ መሣሪያ በአንድነት ተሸክማ ነበር፤ መሣሪያው ግን በቀንና ደመና በሌለበት ብቻ ይሠራ ነበር። በመሬት ላይ የሚተከሉ የጂፒኤስ ጣቢያዎችም ለመሬት እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን ለተንም መለኪያ ይሆናሉ፤ የእነርሱም ሞገድ በዚያው አየር ውስጥ ያልፋልና። ከሁሉ ይልቅ ዛሬ የተለመደው የዓለምን አየር በኮምፒዩተር ከሚያሰሉት ማዕከሎች የተኑን መጠን ወስዶ ከካርታው ላይ መቀነስ ነው። ብዙ ጊዜ ይረዳል። ሆኖም በብዛት ከሚሠራባቸው ስሌቶች አንዱ የሆነው የአውሮፓው ኢ. አር. ኤ. 5 ምድርን በ31 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ከፋፍሎ ስለሚያይ፣ ከዚያ ያነሰን ደመና ወይም ከገደል ወርዶ ሜዳ ላይ የተኛን አየር ሊያመልጠው ይችላል። በበረሃው ውስጥ የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ጣቢያ ከጣቢያ እጅግ የተራራቀ ስለሆነም፣ ስሌቱ ራሱ በዚያ አገር ላይ የሚመረኰዘው በጥቂት ልኬት ነው። ስሌቱ አርሞታል ብሎ መተኛት ስለዚህ አይገባም፤ አንዳንድ ጊዜ ያልነበረ ቀለበት ይጨምራል።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ራዳርን ለመጠራጠር የተነሣሁ ያስመስላል። እንደዚያ አይደለም፤ ምልክቱ ትልቅ ሲሆን ጥርጣሬ ቦታ የለውም። በ1998 ዓ. ም. መስከረም በአፋር በዳባሁ አካባቢ የሆነው ይህን ያሳያል። መሬት ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ መስከረም 16 ቀን ዳዑሬ በተባለው ስፍራ መሬት ተሰንጥቆ ዐመድ ወጣ። በኋላ የራዳር ምስሎች ሲመረመሩ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የማግማ ግድግዳ በመሬት ውስጥ ገብቶ ምድሩን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር እንደ ከፈለው ታወቀ። 8 ሜትር የሚያህል ነገር የሚሠራ ተን የለም። እንዲሁም በ2009 በሳውዲ ዐረቢያ በሐራት ሉነይር የበረሃ አገር ከሚያዝያ እስከ ሰኔ መሬት ሺህ ጊዜ እየተንቀጠቀጠ 8 ኪሎ ሜትር የሚያህል ስንጥቅ በወጣ ጊዜ፣ ራዳሩ ማግማው እስከ መሬት ፊት አካባቢ እንደ ደረሰ አመለከተ። መንግሥቱም ወደ 40,000 የሚደርስ ሕዝብ አስለቀቀ። ማግማው ከመሬት ሳይወጣ ቀረ፤ ቢሆንም ማስለቀቁ ስሕተት ነበር የሚል አልሰማሁም፤ ራዳሩ፣ የመንቀጥቀጡ መዝገብና በዓይን የሚታየው ስንጥቅ ሦስቱም አንድ ቃል ተናግረዋልና።

የሚያስቸግረው በመካከል ያለው ነው፤ በዓመት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወይም ሚሊ ሜትር የሚነሣው። በ2002 ፕሪቻርድና ሳይመንስ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ላይ ባሉት ደረቅ አገሮች 900 ያህል እሳተ ገሞራዎችን በራዳር መርምረው፣ እንደ ሞቱ ይቈጠሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ እየተነሡ መሆናቸውን አገኙ፤ በቦሊቪያ ያለው ኡቱሩንኩ በዓመት 1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ነበር። በኒው ሜክሲኮ በረሃ በሶኮሮ የታየው ደግሞ በዓመት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ እርጥብ ነፋስ በአንድ ጧት የሚያደርገው ከዚህ አሥር ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ነገር የሚታመነው ከብዙ ዓመት ምስል ከወጣና በሌላ መሣሪያ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። በእኛም አገር በሐዋሳ አጠገብ ያለው ኮርቤቲ በዓመት 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ለዓመታት እንደ ተነሣ ራዳር ሲያሳይ፣ በመሬት ላይ የተተከሉት የጂፒኤስ መሣሪያዎች መስክረውለታል። አየር በየዓመቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይሳሳትም።

የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ፤ ይህኛው ይበልጥ ያስፈራኛል። አየርን እንደ ማግማ ማየት የሚያሳፍር ከሆነ፣ ማግማን «አየር ነው» ብሎ መተው ሰው የሚያስገድል ነው። የአፋር ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች ብዙዎቹ በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ የሌላቸው ስለሆኑ፣ ምሁሩ ሁሉ ልማዱን ተከትሎ «ይህ ተራራ አይሠራም፤ ምልክቱ የአየር መሆን አለበት» ለማለት ይቸኵላል። ናብሮ በኤርትራ እንዲህ ያለ ተራራ ነበር። በ2003 ዓ. ም. ሰኔ 5 ሌሊት በፈነዳ ጊዜ፣ መጀመሪያ የተወራው ጎረቤቱ ዱቢ ፈነዳ ተብሎ ነው፤ ከናብሮ ማንም ይህን አልጠበቀምና። ሃይሊ ጉቢም እንዲሁ ነው። በ2017 ዓ. ም. ሐምሌ ኤርታ አሌ ሲፈነዳ ማግማ በመሬት ውስጥ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሃይሊ ጉቢ አቅጣጫ እንደ ሄደ ራዳር አሳየ፤ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ. ም. ተራራው ፈንድቶ ዐመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም እስከ ህንድ ሰማይ ደረሰ። የአፍዴራ አካባቢ አርብቶ አደር ከብቶቹ የሚግጡት ሣር በዐመድ ተሸፈነበት።

በወሬ በኩል ደግሞ ሌላ ዓይነት መደናገር አለ። ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ. ም. በዶፋን ተራራ አጠገብ ከመሬት እንፋሎትና አቧራ በኃይል ሲወጣ እሳተ ገሞራ ፈነዳ ተብሎ በብዙ አገር ተሠራጨ። የቀለጠ ዓለት ግን አልወጣም። ይሁን እንጂ በዚያው ወራት በፈንታሌና በዶፋን መካከል መሬት እየተከፈተ መሆኑን የራዳሩ ምስሎች ያሳዩ ነበር፤ መንቀጥቀጡም በየቀኑ ነበር፤ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ከቀዬው ተነሥቷል። እንግዲህ በዓይን የታየው ነገር ስሙ ተሳስቶ ሳለ፣ በዓይን ያልታየው እውነት ነበር። ምስሎቹ በታመኑ ጊዜ የታመኑት መጠናቸው በብዙ ቀለበት ስለሚቈጠርና ከመንቀጥቀጡ ቦታ ጋር ስለ ገጠሙ ነው።

እኔና ጓደኛዬ ሥራውን አልተውነውም። ርእሱን ለውጠን ያንኑ ተራራ በ31 ምስሎች፣ ከየወቅቱ እኩል መርጠን፣ እንደ ገና አየነው። ካርማ በጣለበት ወር የተነሡት ሁሉ ተራራውን ያሳብጡታል፤ በበጋ የተነሡት ይመልሱታል። ሁለቱን በተርታ ስናስቀምጣቸው፣ በዚያ አገር የዝናብ መለኪያ በሌለበት ቦታ የትኛው ክረምት እርጥብ፣ የትኛው ደረቅ እንደ ነበር ከተራራው «ማበጥ» ማንበብ የሚቻል ይመስላል። አንዱን ዓመት ከአፍዴራ ለመጣ አንድ የጂኦግራፊ ክፍል ተማሪ ብናሳየው፣ «ያ ካርማ የቀረበት ዓመት ነው፤ ፍየሎቻችን አልቀውበታል» አለን። ቀለበቱ በዚያ ዓመት አልወጣም ነበር።